እርሳስ የሠራቸው ቤቶች፦ ጋሊና ከተማን ስንጎበኝ

ስለ አሜሪካ ሲወራ በአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚመጣው ሰማይ ጠቀስ ፎቅ፣ ሰፊ አውራ ጎዳናና ሌት ተቀን የማይተኛ ከተማ ነው። በዚህ ወር የምናስጎበኛችሁ ግን በ2020 በተደረገው ቆጠራ ሕዝቧ 3,308 ብቻ ሆኖ የተገኘ፣ ብዙዎቹ ቤቶቿ ከመቶ ስድሳና ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ አንዲት ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ ጋሊና ይባላል። በኢሊኖይ ግዛት ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ ትገኛለች። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።)

ለምን ቤት ለማየት ይህን ያህል ተጓዛችሁ የሚለን አይጠፋም። የአንድን ሕዝብ ታሪክ ከመጽሐፍ እንደምናነበው ሁሉ ከቤቱም እናነበዋለን። ማን ሀብታም እንደነበር፣ ማን ለማን እንደደከመ፣ እንግዳ በየት በር እንደሚገባና ሠራተኛ በየት ደረጃ እንደሚወጣ ግድግዳው ይናገራል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ነሕል ውስጥ ከዋለልን ጸጋዎች አንዱ ቤቶቻችን የእርጋታ ስፍራ መደረጋቸው እንደሆነ ያስታውሰናል። በመድረሳ ሳለን ይህን ስንማር ነገሩ በጣም ግልጽ ስለመሰለን ብዙም አላሰብንበትም ነበር። ጋሊና ውስጥ ከቤት ወደ ቤት ስንዞር ግን የሠሩት ሰዎችስ ረግተውበታል ወይ የሚለው ጥያቄ አልለቀቀንም።

ከሺካጎ ተነስተን ወደ ምዕራብ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝን። መንገዱ ለብዙ ሰዓት ሜዳ ነው፤ በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ እንደገና በቆሎ። ወደ ጋሊና ሲቃረቡ ግን ምድሩ በድንገት ይሰበርና ኮረብታና ሸለቆ ይሆናል። የጥንቱ የበረዶ ግግር የቀረውን አካባቢ ሲደለድል ይህን ቁራሽ መሬት ሳይነካው ስላለፈ ነው ይላሉ የመሬት ሊቃውንት። የወሎ ወይም የሐረርጌ ሰው ቢያየው ደስ ይለዋል። ከተማይቱ ከወንዙ ዳር ጀምራ ዳገቱን ደረጃ በደረጃ ትወጣለች። ከታች ዋናው መንገድ የወንዙን መታጠፊያ ተከትሎ ይጠማዘዛል፤ ግራና ቀኙ በቀይ ጡብ የተሠሩ፣ ትከሻ ለትከሻ የተጋጠሙ ቤቶች ናቸው። በምድር ቤቱ ሱቅ፣ ከላይ የባለሱቁ ቤተሰብ ይኖርበት ነበር። ከዚያ በላይ ሁለተኛው መንገድ፣ ከዚያም በላይ ሌላው፣ በመካከላቸው እግረኛ የሚወጣባቸው ረጃጅም ደረጃዎች አሉ። ዳገቱ ላይ ያሉት ቤቶች ከፊት ሲታዩ ባለ ሁለት ፎቅ ይሆኑና ከኋላ ሲዞሩ አንድ ፎቅ ብቻ ሆነው ይገኛሉ፤ ጀርባቸው ኮረብታው ውስጥ ገብቷልና።

የከተማይቱ ስም ራሱ የማዕድን ስም ነው። ጋሊና ማለት እርሳስ የሚወጣበት፣ የሚያብረቀርቅ ከባድ ድንጋይ ነው። እርሳስ ስንል ተማሪዎች የሚጽፉበትን ማለታችን አይደለም (በነገራችን ላይ እርሱ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት የለም፤ ግራፋይት ነው)። ይህኛው ጥይት የሚሠራበት፣ ቧንቧ የሚቀለጥበት፣ ዱቄቱ ከዘይት ጋር ተለውሶ ነጭ የቤት ቀለም የሚሆነው ብረት ነው። በተለይ ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ነጮች ወደዚህ ከመምጣታቸው አስቀድሞ ማዕድኑን ሶክ፣ መስኳኪና ሆቸንክ የተባሉት የሀገሩ ነባር ሕዝቦች ያወጡት ነበር፤ ከሥራውም አብዛኛውን የሚሠሩት ሴቶቹ ነበሩ። በ1820ዎቹ የማዕድን ፈላጊው ጎርፍ መጣ። በ1829 በተፈረመ ውል ነባሮቹ ሕዝቦች የእርሳሱን መሬት እንዲለቁ ተደረገ፤ በ1832 ደግሞ ብላክ ሆክ የሚባለው የሶክ መሪ ወደ ቀድሞ መሬቱ ለመመለስ ቢሞክር ወገኖቹ እየተሳደዱ አለቁ። ሌላም አለ። በ1787 የወጣው ሕግ በዚህ ግዛት ባርነትን ይከለክል ነበር። ይሁን እንጂ ከደቡብ የመጡ ሰዎች ጥቁር ባሮቻቸውን አምጥተው በጋሊና ጉድጓዶች ውስጥ አሠርተዋቸዋል። ለእነዚያ ሰዎች የቆመ የሚያምር ቤት ከተማይቱ ውስጥ አላየንም።

ካሉት ቤቶች ሁሉ በዕድሜ አንጋፋው በ1826 ከአካባቢው የኖራ ድንጋይ የተሠራው የዳውሊንግ ቤት ነው። ከምድር ቤቱ ይነገድ፣ ከላይ ይኖር ነበር። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ትንሽ፣ ድንጋዩ ሳይለሰን እንዳለ የተደረደረ ነው። ጌጥ የሚባል ነገር የለውም። እውነቱን ለመናገር በጋሊና ካየናቸው ሁሉ እኛን ደስ ያሰኘን ይህ ቤት ነው። ብርድ እንዳይገባ፣ ዕቃ እንዳይሰረቅ፣ ሰው እንዲያድርበት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሥራውንም ሠርቷል። የድንጋይ ቤት ባለበት አገር ያደገ ሰው የሠሪውን እጅ ወዲያው ያውቀዋል፤ ማዕዘኑ ላይ ትልልቁን ድንጋይ እያፈራረቀ ማጋደሙ የትም አገር አንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ገንዘብ መጣ። በ1840ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ እርሳስ አብዛኛው ክፍል የሚወጣው ከዚህ አካባቢ ነበር። በእንፋሎት የሚሠሩ መርከቦች ከሚሲሲፒ ተነስተው የጋሊናን ወንዝ ሽቅብ እየወጡ እርሳስ ጭነው ይሄዱ ነበር። በ1860 ቆጠራ የከተማይቱ ሕዝብ 8,196 ደርሶ ነበር፤ ከዛሬው ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ገንዘቡ ሲመጣ የቤቱም ቅርጽ ተለወጠ። ከ1844 እስከ 1845 ባለው ጊዜ የተሠራው የኢላይሁ ዋሽበርን ቤት ለዚህ ምስክር ነው። ዋሽበርን ጠበቃ ነበር፤ ኋላ የምክር ቤት አባል፣ ከዚያም በፈረንሳይ የአሜሪካ መልእክተኛ ሆነ። ከቤቱ ፊት ነጫጭ ትልልቅ ዓምዶች ቆመዋል፤ በላያቸው ባለ ሦስት ማዕዘን ክዳን አለ። የጥንት ግሪኮች ለጣዖቶቻቸው የሠሩትን ቤት መቅዳቸው ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካውያን ራሳቸውን የግሪክ ሕዝባዊ መንግሥት ወራሽ አድርገው ይቆጥሩ ስለነበር ባንኩም፣ ፍርድ ቤቱም፣ የጠበቃው መኖሪያም የግሪክ ዓምድ ለበሰ። አንድ ጠበቃ ከልጆቹ ጋር ራት ለሚበላበት ቤት የጣዖት ቤት በር ምን ያደርግለታል ብለን መሳቃችን አልቀረም።

ከአሥር ዓመት በኋላ ፋሽኑ ወደ ጣሊያን ዞረ። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ክፈፉ ከግድግዳው ርቆ የወጣ፣ ከክፈፉ ሥር የተቀረጹ ደጋፊ እንጨቶች የተደረደሩበት፣ መስኮቱ ረጅምና ጠባብ የሆነ ቤት ነው። ከእነዚህ ትልቁ በ1857 ራስል ጆንስ ለተባለ የመርከብ ከበርቴ የተሠራው ቤልቬደር የሚባለው ነው፤ 22 ክፍሎች አሉት። ውስጡ ለጎብኚ ከታዩት ዕቃዎች መካከል ስመ ጥር ከሆነ የሆሊውድ ፊልም የመጡ አረንጓዴ መጋረጃዎች ይገኙባቸዋል። የፊልም መጋረጃ ከዚያ ቤት ታሪክ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለእኛ አልገባንም። ቤቱ የራሱ ታሪክ አንሶት ይሆን?

በእነዚህ ትልልቅ ቤቶች ውስጥ አንድ ነገር ለሙስሊም ጎብኚ እንግዳ አይሆንበትም። ከመግቢያው አጠገብ ያለው ምርጡ ሳሎን ለእንግዳ ብቻ የተዘጋጀ ነው፤ ቤተሰቡ በዘወትር አይቀመጥበትም። ቤተሰቡ የሚውለው ወደ ውስጥ ባለው ክፍል ነው። እንግዳ የተወሰነለትን በር አልፎ አይገባም ነበር። በሱረቱ አን-ኑር የተማርነው ሳያስፈቅዱ የሰው ቤት ያለመግባት አደብ ያለበት ሰው ይህን አደራደር ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። ልዩነቱ በረንዳው ላይ ነው። የእኛ የቀድሞ ቤቶች ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ግቢ አዙረው ጀርባቸውን ለመንገድ ሲሰጡ የጋሊና ቤት ግን በረንዳውን ለአላፊ አግዳሚው ይዘረጋል፤ ማታ ማታ ቤተሰቡ እዚያ ተቀምጦ ጎረቤቱን ሰላም ይል ነበር። ሰፊ ቤትና መልካም ጎረቤት ከደስታ ምንጮች መቆጠራቸውን በሐዲስ ተምረናል፤ በረንዳው ሁለተኛውን ለማግኘት ሳይሆን አይቀርም የተሠራው።

የዙሁርን ሶላት ከወንዙ ዳር ባለው ሣር ላይ ሰገድን። እዚህ ቂብላው ወደ ሰሜን ምሥራቅ መሆኑ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፤ ሉል የሆነችውን ምድር በክር ለክቶ ያየ ተማሪ ግን ምክንያቱን ያውቀዋል። ውሻዋን ይዛ የምታልፍ አንዲት ሴት እስክንጨርስ ራቅ ብላ ጠበቀችና እጇን አንስታ ሰላምታ ሰጥታን አለፈች።

ከሶላት በኋላ ወንዙን ተሻግረን ወደ ጄኔራል ግራንት ቤት ወጣን። ዩሊሰስ ግራንት በእርስ በርስ ጦርነቱ የሰሜኑን ጦር መርቶ ያሸነፈ፣ ከ1869 እስከ 1877 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው። ቤቱ በ1860 የተሠራ፣ ቀይ ጡብ፣ ነጭ በረንዳ ያለው የጣሊያን ዓይነት ቤት ነው። በ1865 በ2,500 ዶላር ተገዝቶ ነሐሴ 18 ቀን ግራንት ከጦርነት ሲመለስ የከተማይቱ ሰዎች በስጦታ አበረከቱለት። ብዙ ሰው ሳይጠይቅ የሚያልፈው ነገር ግን አለ። ግራንት ከጦርነቱ በፊት በ1860 ጋሊና ሲመጣ ዕድሉ የጠመመበት የ38 ዓመት ሰው ነበር፤ በአባቱ የቆዳ ዕቃ መደብር ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ያኔ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር የኖረው ዳገቱ ላይ በተከራየው ሌላ የጡብ ቤት ነው። ያ ቤት ዛሬም አለ። የተሰጠው ቤት ውስጥ ግን ብዙ አልኖረበትም፤ በመጀመሪያ ዋሽንግተን፣ ከዚያም የዓለም ጉዞ፣ በ1881 ደግሞ ኒው ዮርክ ወሰዱት። በ1868 ፕሬዚዳንት ሆኖ መመረጡን የሰማውም የቴሌግራፍ ሽቦ በተዘረጋበት በዋሽበርን ቤት ነው።

ለወጣት አንባብያን አንድ ነገር እንጨምር። ግራንት ከ1877 እስከ 1879 ዓለምን ሲዞር በ1878 ካይሮን፣ አል-ቁድስንና ኢስታንቡልን ጎብኝቷል። የዑስማኒያው ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ሁለተኛ ሁለት የዐረብ ፈረሶችን ሰጥተውታል። ካይሮ ላይ ከተቀበሉት አሜሪካውያን መኮንኖች አንዱ ጄኔራል ሎሪንግ ነበር፤ ይህ ሰው በ1876 ጉራ ላይ ከአጼ ዮሐንስ ጦር ጋር ተዋግቶ በተሸነፈው የግብጽ ጦር ውስጥ ከፍተኛ ሹም ነበር። ከኢሊኖይ ኮረብታ እስከ ጉራ ሜዳ ያለው ርቀት አንዳንዴ እንደሚመስለን ሩቅ አይደለም።

ልጆቹ በ1904 ቤቱን ለከተማይቱ ሰጡ፤ በ1931 ወደ ግዛቱ መንግሥት ተዛወረ። ይህ አሰጣጥ እኛ ወቅፍ ከምንለው ጋር ይመሳሰላል ብለን ስናወራ ቆየን። አንድ ንብረት ከሽያጭና ከውርስ ወጥቶ ለሁሉም እንዲሆን ይታሰራል። ወቅፍ ግን ብዙውን ጊዜ ሰው ይጠቀምበታል፤ ይማርበታል፣ ውኃ ይጠጣበታል፣ መንገደኛ ያድርበታል። ይህ ቤት የሚታይ ብቻ ነው። የተሰናዳው የራት ጠረጴዛ ሳህኖቹን እንደያዘ ከገመድ ወዲያ ቆሟል፤ ማንም አይበላበትም።

ይህ ሁሉ ቤት ሳይፈርስ እንዴት ቆየ? መልሱ ለእኛ ለመምህራን ጥሩ የታሪክ ትምህርት ይሆናል። ከተማይቱ ስለደኸየች ነው። እርሳሱን ለማቅለጥና መርከቦቹን ለማንቀሳቀስ ደኑ ተጨፈጨፈ። ኮረብታው ሲራቆት አፈሩ እየታጠበ ወንዙን ደለል ሞላው፤ መርከብ መግባት አቃተው። በ1849 የካሊፎርኒያ ወርቅ ብዙ ማዕድን ቆፋሪ ወሰደ። በ1854 የገባው ባቡርም ንግዱን ይዞ ወደ ሚሲሲፒ ዳር አለፈ። ሌሎች ከተሞች ሲበለጽጉ አሮጌውን እያፈረሱ አዲስ ገነቡ፤ ጋሊና የሚያፈርሰውም የሚገነባውም ገንዘብ አልነበራትም። ሰው አባቱ በሠራው ቤት፣ ጣሪያው ሲያፈስ እየለጠፈ፣ ኖረበት። ከ1960ዎቹ ወዲህ ከሺካጎና ከሌላውም የመጡ ሰዎች የተጎዱትን ቤቶች እየገዙ ማደስ ጀመሩ፤ በ1969 የከተማይቱ ነባር ክፍል በአገር አቀፉ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፈረ። ዛሬ ከሕንፃዎቿ 85 በመቶ ያህሉ በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው።

አሁን ግን ሌላ ነገር መጥቷል። በማግስቱ ማታ በላይኛው መንገድ ስንዘዋወር ያማሩ ቤቶች ተደርድረው ብዙዎቹ መስኮቶች ጨለማ ነበሩ። ከቤቶቹ ብዙዎቹ የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል፤ ሌሎቹም ባለቤታቸው ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚመጣባቸው ናቸው። ከዓመት ዓመት ከተማይቱን የሚጎበኘው ሰው ከነዋሪው ቁጥር እጅግ ይበልጣል። በድህነት ዘመን ቤቶቹ አርጅተው ነበር፤ ሰው ግን አልጠፋባቸውም። እኛ ቤቶቹን ማደሱን አንቃወምም፤ ባይታደሱ ኖሮ ዛሬ ፈርሰው ነበር። ነገር ግን የእንግዳ አልጋ ብቻ ያለበት ቤት የማን የእርጋታ ስፍራ ነው?

በዚያው መንገድ በጠዋት ተመልሰን ስንሄድ አንድ ዕድሜያቸው ስልሳዎቹን ያለፈ ሰው አፍና አፍንጫቸውን በጭንብል ሸፍነው የመስኮት ፍሬም ሲጠግኑ አገኘናቸው። ትንሽ፣ ጌጥ የሌለው የእንጨት ቤት ነው፤ ከማዕድን ሠራተኛ የተወረሰ የሚመስል። ከመስኮቱ ሥር መሬቱ ላይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፈዋል። ቀለሙን ከመፋቃቸው በፊት በውኃ ያርሱታል። ሰላምታ ሰጥተን ስለ ቤቱ ጠየቅናቸው።

«እርሳስ አለበት» አሉን ጭንብላቸውን ዝቅ አድርገው። «ይህ ከተማ እርሳሱን ለመላው አሜሪካ ሸጦ የቀረውን እኛው ግድግዳ ላይ ቀባው።»

«ልጆች አሉ እንዴ እዚህ ቤት?» ብለን ጠየቅን።

«የልጄ ልጆች እሑድ እሑድ ይመጣሉ። ትንሿ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥላ መንገድ ማየት ትወዳለች። ለዚህ ነው የምደክመው።»

ሰውየው ያሉት ነገር ቀልድ አይደለም። እርሳስ የተቀላቀለበት ቀለም ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ መስኮት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይፈገፈግና አቧራ ይሆናል። አቧራው በልጅ ጣት ወደ አፍ ይገባል። ቅርፊቱ ጣፋጭ ነገር ስላለው ሕፃናት ያኝኩታል። በደም ውስጥ ሲገባ የአእምሮን ዕድገት ይጎዳል፤ የመማር ችግር፣ የመቁነጥነጥና የመስማት ጉድለት ያስከትላል፤ ከስድስት ዓመት በታች ያሉት ይበልጥ ይጎዳሉ። ለሕፃን ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘም። መምህር የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ በየክፍሉ ከኋላ የሚቀመጡት፣ ሰነፍ እየተባሉ የሚገሠጹት ልጆች ትዝ ይሉታል። አሜሪካ እንዲህ ያለውን ቀለም ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው በ1978 ነው። በሀገራችንም በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ የሚገድብ ደንብ በ2018 ወጥቷል፤ ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባው ግን ግድግዳው ላይ ነው ያለው።

በአሜሪካ የምትኖሩ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ አንባብያን ይህችን ልብ በሉ። በሚኒሶታም ሆነ በኦሃዮ አዲስ የገባ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚከራየው ርካሹን፣ ማለትም አሮጌውን ቤት ነው። በ1992 በወጣው ሕግ መሠረት ከ1978 በፊት የተሠራን ቤት የሚያከራይ ወይም የሚሸጥ ሰው ስለ እርሳስ ቀለም የሚያውቀውን በጽሑፍ የመግለጽ፣ ማስረጃ ወረቀትም የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ውል ከመፈረሙ በፊት። ካልተሰጣችሁ ጠይቁ። የተላጠ ቀለም ካያችሁ በደረቁ አትፋቁት፣ በደረቅ መጥረጊያም አትጥረጉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። የልጆችን እጅ ከምግብ በፊት ማስታጠብ በቤታችን የቆየ ሱንና ነው፤ የመስኮቱን ደፍ መወልወልም ይጨመርበት። የልጅ ደም በሐኪም ቤት ተመርምሮ የእርሳሱ መጠን ይታወቃል፤ ምርመራው ቀላል ነው።

ሽማግሌው አራት መስኮት ጨርሰው ሰባት ይቀራቸው ነበር። ክረምት ከመግባቱ በፊት እንደሚጨርሱት ነገሩን፤ እኛም አላህ እንዲያግዛቸው ተመኝተን መኪናችንን ወዳቆምንበት ወረድን።